ስለ ኢንሹራንስ አክሲዮንና ስለ ትርፍ አከፋፈል
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



ቡና ተለቅሞ በሚሸጥበት ወራት በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጎማና በመና ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ቀድሞ ይህን ገንዘብ የሚጠብቀው በሬ፣ በቅሎ ወይም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ዛሬ አንዳንዱ ገበሬና ነጋዴ ከገንዘቡ ከፍሎ የኢንሹራንስ ኩባንያ አክሲዮን ይገዛበታል፤ የምስክር ወረቀቱን በሣጥን አኑሮም የዓመቱን ትርፍ ይጠብቃል። ቀኑ ሲደርስ «ኩባንያው አትርፏል፤ ነገር ግን ዘንድሮ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የለም» የሚል ቃል ቢሰማና ተታለልሁ ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። የልጆቹን የትምህርት ወጪ በዚያ ገንዘብ አስቦ ይሆናልና። ስለዚህ ትርፉ የት እንደሚቀር፣ ባለ አክሲዮኑም ምን ብሎ ሊጠይቅ እንደሚገባው ጥቂት እናገራለሁ።

የጅሬን አካባቢ ለንግድ እንግዳ አይደለም። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበረ፤ ከኮረብታው በታች ደግሞ የሂርማታ ገበያ ይቆም ነበር። ወደዚያ ገበያ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ትርፉን የሚቆጥረው ዕቃው ከተሸጠና ቅፍለቱ በደኅና ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። የኢንሹራንስ ሥራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ይገባል፤ መንገዱ ግን ገና አልተሄደም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቡና ጭኖ ከጅማ በሰኮሩና በወልቂጤ አድርጎ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና፣ መጋቢት 1 ቀን ለአንድ ዓመት ኢንሹራንስ ገባ እንበል። ባለቤቱ የከፈለው አረቦን 24,000 ብር ነው። ኩባንያው መዝገቡን ሰኔ 30 ቀን ቢዘጋ፣ ከዐሥራ ሁለቱ ወር ያለፈው አራቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው ሠራሁበት ሊል የሚችለው 8,000 ብር ነው። የቀረው 16,000 ብር በካዝናው ውስጥ ቢገኝም ገና የእርሱ አይደለም። ምናልባት በነሐሴ ዝናብ ያ መኪና በግቤ ቁልቁለት ላይ ይገለበጥ ይሆናል። ይህን ገንዘብ ትርፍ ነው ብሎ ለባለ አክሲዮኖች ማደል የዘር እህልን ፈጭቶ እንደ መብላት ነው። በዚህ ላይ ጉዳቱ ደርሶ ሒሳቡ ያላለቀ፣ ወይም ደርሶ ለኩባንያው ገና ያልተነገረው ካሣ አለ፤ ለእርሱም ገንዘብ መቀመጥ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ የተጣራ ትርፍ ሲገኝም ሕጉ ድርሻውን ይወስዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ማናቸውም አክሲዮን ማኅበር ከተጣራ ትርፉ በያመቱ ከሃያ አንዱን እጅ ለመጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ፣ ይህም መጠባበቂያው የካፒታሉን ዐሥረኛ እስኪደርስ ድረስ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የኢንሹራንስ ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ ከዓመቱ ትርፍ ከዐሥር አንዱ እጅ፣ መጠባበቂያው ከተከፈለው ካፒታል ጋር እስኪተካከል ድረስ ይቀመጣል። ሌላው ማኅበር በዐሥረኛው ሲያቆም ኢንሹራንሱ እስከ ሙሉው ይሄዳል ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ይህ አይበዛም። የኢንሹራንስ ኩባንያ የሚሸጠው ቃል ነው፤ ቃሉን የሚጠብቀውም ይኸው የተቀመጠው ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ አክሲዮን ዓይነቶች ልለፍ፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው በዚህ ነውና። አክሲዮን ሁሉ አንድ ዓይነት መብት ላይኖረው ይችላል። ትርፍ ሲከፈል፣ ወይም ማኅበሩ ፈርሶ ሀብቱ ሲከፋፈል ከሌላው ቀድሞ የሚቀበል የቅድሚያ አክሲዮን የሚባል አለ። የ1952ቱ ሕግ ይህን ቅድሚያ ፈቅዶ፣ ከሌላው የበለጠ ድምፅ የሚሰጥ አክሲዮን እንዳይወጣ ግን ከልክሎ ነበር። በገንዘቡ ቅደም፤ በፍርዱ ግን ከባልንጀራህ ጋር እኩል ሁን ማለቱ ነው። እንዲሁም የአንዱን ዓይነት አክሲዮን መብት የሚለውጥ ውሳኔ፣ የዚያው ዓይነት ባለ አክሲዮኖች ለብቻቸው ተሰብስበው ካልተስማሙበት አይጸናም ነበር። መሥራቾችም እንኳ ለድካማቸው የሚወስዱት ልዩ ጥቅም ከተጣራ ትርፍ ከአምስት አንዱን እጅ እንዳያልፍ፣ ከሦስት ዓመትም እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የንግድ ሕግ ተተክቷል፤ ስለዚህ አክሲዮን የያዘ ሰው የኩባንያውን የመመሥረቻ ጽሑፍ ከአዲሱ ሕግ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይገባዋል።

የቅድሚያ መብት በመከራ ቀን ምን እንደሚሠራ በአሜሪካ ታይቷል። በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ኢንተርናሽናል ግሩፕ የተባለው ታላቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሊወድቅ ሲል መንግሥት 85 ቢሊዮን ዶላር ሊያበድረው ተስማማ፤ በምላሹም የኩባንያውን 79.9 በመቶ ድርሻ የሚያስገኝ የቅድሚያ አክሲዮን ወሰደ። ለተራው ባለ አክሲዮን ይከፈል የነበረው ትርፍ ወዲያው ቆመ፤ እንደገና የተጀመረውም በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ኢንሹራንስ የገቡት ሰዎች ካሣ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ይከፈል ነበር። ሰልፉ እንዲህ ነው፤ ካሣ ጠያቂው ይቀድማል፣ ባለ ቅድሚያው ይከተላል፣ ተራው ባለ አክሲዮን በመጨረሻ ይቆማል።

በቡና አገር ያለ ሰው ይህን ሰልፍ ቶሎ ባይለምደው አያስደንቅም። እርሱ የሚያውቀው የኅብረት ሥራ ማኅበርን ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት፣ አባል ዐሥር ዕጣ ቢኖረው አንድ ዕጣ ካለው ጋር በድምፅ እኩል ነበር፤ ትርፍም በዕጣ ብቻ ሳይሆን አባሉ ለማኅበሩ ባስረከበው ምርት መጠን ጭምር ይታደል ነበር። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንም ከትርፉ 70 በመቶ ለአባል ማኅበራቱ በመመለስ ታውቋል። በአክሲዮን ኩባንያ ውስጥ ግን የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን አክሲዮን ነው። በ2001 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተው እንደ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ባለ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አክሲዮን በገዙበት ኩባንያም ቢሆን፣ የትርፉ ድርሻ የሚገባው ለማኅበሩ እንጂ በቀጥታ ለገበሬው አይደለም። በዚህ ላይ ከአባት የተወረሰ ልምድም የለም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስቱ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወርሰው፣ በዚህ ሥራ የግል አክሲዮን የተፈቀደው እንደገና በ1986 ዓ.ም. ነውና።

ይሁን እንጂ ሕጉ ከሚያዘው በላይ ትርፍ ሲያዝ ባለ አክሲዮኑ ዝም ማለት የለበትም። በ2022 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ባንክ ሕይወት ነክ ያልሆነ ኢንሹራንስ የሚሠራ ኩባንያ ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ60 ሚሊዮን ወደ 400 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጓል። እንዲህ ሲሆን ትርፍን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ቀርቶ ወደ አክሲዮን እንዲለወጥ ለጉባኤ ይቀርባል። ምክንያቱ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ የዳይሬክተሮች ቦርድ ብቻውን አይደለም። ምክንያቱን ሳይገልጽ በያመቱ «ለከርሞ» የሚል ቦርድ፣ ያልተሠራበትን አረቦን ከሚያድል ቦርድ የሚሻል አይመስለኝም።

እንግዲህ ጥሪው ሲደርሳችሁ የሒሳብ ሚዛኑንና የኦዲተሩን ሪፖርት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያልተሠራበት አረቦን ስንት ነው? ያልተከፈለ ካሣ ስንት ነው? መጠባበቂያው ከካፒታሉ ስንት እጅ ደርሷል? አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ነባር ባለ አክሲዮን እንደ ድርሻው ቀድሞ የመግዛት መብት አለው፤ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ግን የያዘው አክሲዮን ሳይቀነስ ድርሻውና ድምፁ ያንሳል። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው የሚሰጠውን የውክልና ወረቀትም የተወካዩን ስም ባዶ ትቶ መፈረም አይገባም። ትርፉ ወደ አክሲዮን ሲለወጥ ደግሞ ለአንድ ሙሉ አክሲዮን ሳይበቃ የሚተርፍ ገንዘብ ይኖራል። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር፣ የደረሳችሁ ትርፍ 1,350 ብር ቢሆን፣ 350ው ብር በስማችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ ደረሰኙንም ከአክሲዮን ወረቀታችሁ ጋር በሣጥን አኑሩት።