የኪንግስ ክሮስ መገናኛ ጣቢያና «ጭሰት» የተባለው እሳት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በታላላቅ ከተሞች እምብርት ስለሚገኙ የባቡር መገናኛ ጣቢያዎች ነው። ስለ ብዙዎቹ በጥቂቱ ከማውራት ስለ አንዱ ጠበቅ አድርጎ መናገር ለሙያችን ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ፣ በለንደን የሚገኘውን የኪንግስ ክሮስ ሴንት ፓንክራስ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጣቢያ በአንድ ንድፍ፣ በአንድ ዘመን የተሠራ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር በ1863 በለንደን ሲከፈት ኪንግስ ክሮስ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ነበረ። ባቡሩ በእንፋሎት የሚሄድ ነበርና መንገዱ የተሠራው መሬቱን ከላይ ቆፍሮ፣ ግንብ ገንብቶና መልሶ ሸፍኖ ነው። በ1906 የፒካዲሊ መስመር፣ በ1907 ደግሞ ዛሬ የኖርዘርን መስመር ክፍል የሆነው ባቡር ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ቧንቧ በተቦረቦረ ዋሻ መጣ። የቪክቶሪያ መስመር የደረሰው በ1968 ነው። ዛሬ ስድስት መስመሮች በዚሁ ጣቢያ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። በ1939 ለጥልቆቹ መስመሮች ከመንገዱ ሥር አንድ ክብ የቲኬት አዳራሽ ተሠርቶ፣ ከእንጨት የተሠሩ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ወደ እርሱ ተዘረጉ። የቪክቶሪያ መስመር ሲጨመር የእርሱም ደረጃዎች ወደዚያው አዳራሽ እንዲወጡ ተደረገ። ለመንገደኛው ምቹ ነበር፤ ከመስመር ወደ መስመር ለመሻገር ብዙ አይደክምም። ነገር ግን ሦስቱም ጥልቅ መስመሮች አንድ ጉሮሮ ነበራቸው ማለት ነው።

ኖቬምበር 18 ቀን 1987 ከምሽቱ በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከፒካዲሊ መስመር በሚወጣው ደረጃ ላይ አንድ መንገደኛ እሳት አየና ለሠራተኞች ነገረ። ከደረጃው ሥር ውሃን በጉም መልክ የሚረጭ መሣሪያ ተተክሎ ነበር፤ የተጠቀመበት ግን አልነበረም። ፖሊሶች ሰዉን ለማውጣት ወሰኑ፤ የመረጡትም መንገድ የቪክቶሪያን መስመር ደረጃዎች ነበር። እነዚህ ደግሞ ሕዝቡን የሚያወጡት ወደዚያው ክብ አዳራሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ የእሳት አደጋ መኪናዎች በ1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ደረሱ። እሳቱን ያዩት ሰዎች መጠኑን ከአንድ ትልቅ የካርቶን ሣጥን ጋር አመሳስለውታል። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነበልባልና ጥቁር ጭስ በአንድ ጊዜ ወደ አዳራሹ ፈነዳ። 31 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ሊያድን የገባው የእሳት አደጋ መኮንን ኮሊን ታውንስሊ ነበር።

በዴዝመንድ ፌኔል የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርቱን በ1988 አወጣ። የእሳቱ ምክንያት ለመናገር እንኳ የሚያሳፍር ትንሽ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ አንድ የተለኮሰ ክብሪት። በጣቢያው ውስጥ ማጨስ በ1985 ተከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ደረጃው ላይ ሆኖ ሲጋራውን ይለኩስ ነበር። ክብሪቱ በእንጨቱ ጠርዝ ባለው ክፍተት ወርዶ ከሥር ካለው ግራሶ ላይ ዐረፈ። ከግራሶው ጋር ደግሞ ከመንገደኛው ልብስና ጸጉር የረገፈ ብናኝ፣ የወረቀት ቁራጭና ሌላም ጉድፍ ለዓመታት ተላቁጦ ነበር። መርማሪዎቹ በሙከራ ክብሪት ሲጥሉ እሳቱ ተያያዘ። ከዚያም በላይ ከደረጃው ሥር ቀደም ሲል ተነሥተው በራሳቸው የጠፉ እሳቶች ያከሰሉትን እንጨት አገኙ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ነገር ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል። በእንጨት ደረጃዎች ላይ እሳት መነሣቱ በድርጅቱ ዘንድ የታወቀ ነበር። ነገር ግን «እሳት» አይባልም ነበር፤ «ጭሰት» ይባል ነበር። ስሙ ሲለዝብ ፍርሃቱም ለዘበ። ጭሰት ሁልጊዜ የሚያጋጥም፣ ሠራተኛ ደርሶ የሚያጠፋው፣ ሰው የማይገድል ተራ ነገር ሆኖ ተቆጠረ። ደረጃውን የሚጠግነው ክፍል፣ ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሰውና ደኅንነትን የሚጠብቀው እያንዳንዱ በራሱ አጥር ውስጥ ይኖር ነበርና ነገሩን በጠቅላላው የሚያይ ዓይን ጠፋ። ክብሪቱን የጣለው መንገደኛ ጥፋተኛ ነው ማለት ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን የመሐንዲሱ ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል እንጂ በዚያ ያበቃል ብዬ አላምንም።

የሣጥን ያህል የነበረው እሳት በደቂቃዎች ውስጥ እንዴት አዳራሽ አቃጠለ? ይህን ለማወቅ በኮምፒዩተር የተደረገው ስሌት ነበልባሉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ እንደማይቆም፣ በደረጃው ወለል ላይ ተኝቶ እንደሚጋልብ አመለከተ። በመጀመሪያ የስሌቱ ስሕተት ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ሆኖም የደረጃው ሞዴል በሲሶ መጠን ተሠርቶ ሲቃጠል ልክ እንደ ተባለው ሆነ። 30 ዲግሪ ያዘነበለውና በግራና በቀኝ ግድግዳ የታጠረው ደረጃ እንደ ቦይ ሆኖ ትኩሱን አየር ወደ ላይ ሲመራው፣ ከነበልባሉ ፊት ያለው እንጨት አስቀድሞ ይግላል፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ያን ጊዜ አዲስ የነበረው ይህ እውቀት በየሕንፃው ተንቀሳቃሽ ደረጃ በሚተከልበት በዚህ ዘመን ለእኛም እንግዳ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

ኮሚሽኑ 157 ምክሮችን አቀረበ፤ የድርጅቱ የበላይ ኃላፊዎች ሥራቸውን ለቀቁ፤ በ1989 ከምድር በታች ላሉ ጣቢያዎች አዲስ የእሳት መከላከያ ደንብ ወጣ። ኪንግስ ክሮስም በ2006 አንድ፣ በ2009 ደግሞ ሌላ ተጨማሪ የቲኬት አዳራሽ አግኝቷል። በለንደኑ ባቡር የመጨረሻው የእንጨት ተንቀሳቃሽ ደረጃ የነበረው በግሪንፎርድ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከመሬት በላይ የተሠራ በመሆኑ ደንቡ አልነካውም ነበርና ደረጃው ከአገልግሎት የወጣው በ2014 ነው።