በአንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ፤ የግፊት፣ የጊዜና የማገገም ጉዳይ



ግድግዳው የማይለጠጥ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ ከተከደነ በኋላ ጥቂት ፈሳሽ በግድ ቢጨመርበት ግፊቱ በፍጥነት እንደሚያድግ መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። የአዋቂ ሰው የራስ ቅልም እንዲሁ ያለ ዕቃ ነው። ወደ አንድ ሊትር ተኩል በሚጠጋው በዚህ ክፍል አንጎል፣ ደምና የአንጎል ፈሳሽ ቦታ ተካፍለው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። ይህን ሕግ ሞንሮ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1783 አመለከተ፤ ኬሊ የተባለው የአገሩ ሰውም በኋላ አጸናው።

ደም ከሥሩ ወጥቶ ሲጠራቀም በመጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይሸሻል። ይህ መጠባበቂያ ሲያልቅ ግን ጥቂት ሚሊ ሊትር እንኳ ግፊቱን ያንረዋል። ተኝቶ ባለ ጤነኛ አዋቂ ግፊቱ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም፤ ከ22 ሲያልፍ ሕክምና ያሻዋል። አንጎል ወደ ታች ተገፍቶ መተንፈስን የሚያዘውን ክፍል ከተጫነው ሕይወት ታልፋለች።

ቀዶ ሕክምናው እንደ ደሙ ዓይነት ይለያያል። በዱላ ምት ወይም በተሽከርካሪ አደጋ ከጆሮ በላይ ያለው አጥንት ተሰብሮ ከሥሩ ያለው የደም ቧንቧ ሲቀደድ፣ ተጎጂው ነቅቶ ሲነጋገር ቆይቶ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተ ሰብን የሚያዘናጋውም ይኸው ደኅና መምሰሉ ነው። አጥንቱ ተከፍቶ ደሙ በጊዜ ከወጣ ግን በሽተኛው ፈጽሞ ሊድን ይችላል። በደም ግፊት ብዛት ከአንጎል ውስጥ የሚፈሰው ደም ከዚህ የተለየ ነው፤ ጥልቅ በሆነ ጊዜ ቢላዋ ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ ግፊትን መቆጣጠርና የቅርብ ክትትል ይቀድማሉ።

በአረጋውያን ዘንድ ደግሞ ከቀላል መውደቅ ሳምንታት ቆይቶ በአንጎል ሽፋን ሥር የቀጠነ ደም ይጠራቀማል። ራስ ምታቱ፣ መዘንጋቱና የእግር መድከሙ "እርጅና ነው" ተብሎ ይታለፋል። መድኃኒቱ ግን አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ሐድሰን ብሬስ የሚባለው በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ከአናጢው መሣሪያ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሹሉ ጫፍ አጥንቱን ይበሳል፣ ሾጣጣው ደግሞ ቀዳዳውን ያሰፋል። መብራት ቢጠፋም እጅ ያሠራዋል። ቀዳዳው የት እንደሚበሳ የሚያሳየው የሲቲ ስካን መሣሪያ ግን ያለ ኃይል አንዳች አይሠራም።

ጉዳዩን ወደ ጣና ዳርቻ እናምጣው። በደቅ ደሴት ወይም በዘጌ ለሚኖር በሽተኛ የመጀመሪያው አምቡላንስ ጀልባ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር የፈለገ ሕይወት ሆስፒታልን ካገኘች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚሻ ሰው የግማሽ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ የበርገን ሐኪሞችና ከኮሪያው ሚዩንግሰንግ ሆስፒታል ጋር በመተባበር፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሙያው ወደ ክልሎች ወርዶ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይሰጣል።

ደሙ መውጣቱ ግን የሥራው አጋማሽ ነው። በአልጋ ላይ ያለውን በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ መዋጥ መቻሉ ሳይረጋገጥ ምግብ በአፉ አለመስጠት፣ የደከመውን እጅና እግር በየዕለቱ ማንቀሳቀስ፣ የግፊትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከታዘዘ ያለ ሐኪም ፈቃድ አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያል፤ ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። ንግግሩ የተያዘበት ሰው አእምሮው ጠፍቷል ማለት አይደለምና ቤተ ሰቡ ሊያነጋግረው ይገባል።

ስለዚህ ይህ ጉዳይ የሐኪም ብቻ አይደለም። ኃይል ሲቋረጥ የሚነሣው ጄኔሬተር፣ የሲቲ ስካኑ ጥገና፣ ሳይቋረጥ የሚደርሰው ኦክስጅን፣ በክረምት የማይዘጋው መንገድና ለጀልባ የሚመች ወደብ የመሐንዲስ ሥራዎች ናቸው። መለዋወጫ እስኪመጣ ወራት የቆመ መሣሪያ በወረቀት ላይ "ብልሽት" ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሐይቁ ማዶ ለሚጠብቀው በሽተኛ ግን ያለፈ ሰዓት ነው። ሐኪሙ የራስ ቅሉን ግፊት ሊያቀልል የሚችለው በሽተኛው በጊዜ ሲደርስለት ነውና፣ ያንን ጊዜ ማትረፍ የዚህ ማኅበር አባላት ድርሻ ነው።