በየት በኩል ነው የምትወጪው?

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ሰምተን ጠግበናል፤ ሌላ ነገር አምጪ» ብሎኛል። እንግዲህ ዛሬ የማወራው ስለ ፈረስ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ! በግቢያችን የስፖርት ቀን ከዳር ተቀምጬ የሁላችሁንም ቦርሳ እጠብቅ የነበርኩት እኔ መሆኔን አልረሳሁም።

እንዴት ከፈረስ ጋር እንደተገናኘሁ በአጭሩ ልናገር። በጄ-1 ቪዛ ሬዚደንሲ የጨረሰ ሐኪም ወይ 2 ዓመት አገሩ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ወይ ሐኪም በጠፋበት የአሜሪካ አካባቢ 3 ዓመት ያገለግላል። ብዙዎቻችሁ አልፋችሁበታል። የእኔ ዕጣ ዋዮሚንግ ሆነ። ስፋቱ የኢትዮጵያን ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የሕዝቡ ቁጥር ግን 600 ሺህ የማይሞላ አገር ነው። የመኪናቸው ታርጋ ላይ እንኳ ከ1936 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የሚፈናጠር ፈረስ ከነጋላቢው ተስሏል። እንጀራ ሲያምረኝ አራት ሰዓት ነድቼ ዴንቨር እወርዳለሁ።

ታካሚዎቼ ከብት አርቢዎች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሰው አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ጣቱን ማለቴ፣ የቀረውን። «እንዴት ሆነ?» ስለው «ዳሊ ሳደርግ» አለኝ። ዳሊ ምንድነው? ከኮርቻው ፊት ለፊት «ሆርን» የሚሉት ቀንድ የመሰለ ጉጥ አለ። ጥጃው በገመድ ሲያዝ ጋላቢው የገመዱን ጫፍ እዚያ ጉጥ ላይ ይጠመጥማል። በዚያ በኩል ጥጃው ይጎትታል፣ በዚህ በኩል ፈረሱ ይቆማል፣ አውራ ጣት በመሃል ከገባ አለቀ። እሱ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ አፍሬ ነው የሰማሁት። ሂስትሪ መውሰድ ያስተማራችሁን መምህሮቻችን እዚህ ናችሁ፤ የሰውየውን ሥራ ሳላውቅ ምን ሂስትሪ ልወስድ ነበር?

በዚያው ሰሞን አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸውና ከብቱን ከልጃቸው ጋር የሚያስተዳድሩ ሴት «ቅዳሜ ነይ፣ አሳይሻለሁ» አሉኝ። ሄድኩ። ወዲያው ኮርቻ ላይ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ መሬት ላይ ነበርኩ!

የሰጡኝ ዳማ ባዝራ ነበረች፣ ኳርተር ሆርስ ከሚባለው ዘር። ዝርያው ስሙን ያገኘው በሩብ ማይል እሽቅድምድም ነው። አጭር፣ ጡንቻማ፣ ከቆመችበት ተወርውራ የምትነሳ። ቀለሟ የመዳብ ሳንቲም ስለሚመስል ፔኒ ይሏታል። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው» ተብለው ተጠሩ፤ በዚህ ሒሳብ እኔ «አባ ሳንቲም» መባሌ ነው።

በመጀመሪያ የተማርኩት አቀራረብ ነው። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ሁለት ቦታ ነው፦ ከግንባሩ ፊት ለፊት ጥቂት ክንድ፣ ከጭራው በስተኋላ ደግሞ ቀጥታውን። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ እየተናገርሽ ትሄጃለሽ። በኋላው ማለፍ ካለብሽ እጅሽን ዳሌው ላይ አድርገሽ ተጠግተሽ ታልፊያለሽ፤ ወይም ደግሞ እርግጫው ከማይደርስበት ርቀሽ። በመሃል ያለው ቦታ ነው የሚገድለው። የመሳቢያ ገመዱን በእጅሽ ላይ አትጠመጥሚም፣ አጥፈሽ ትይዣለሽ። ምክንያቱን እንደ ነገርኳችሁ በጨርቅ ተጠቅልሎ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ለሐኪሞች ብቻ አንድ ነገር ላስገባ። ስቴቶስኮፔን ይዤ ሄጄ ፔኒን መረመርኳት። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ እንዲህ ያለ ልብ የያዘ ሰው ኢመርጀንሲ ቢመጣ ስንቶቻችን ኢሲጂ ለማንሳት እንሮጥ ነበር! ትንፋሹ ከ8 እስከ 16። ድዱን ተጭነሽ ስትለቂ እንደኛው በ2 ሰከንድ ውስጥ ደም ይመለሳል። የአንጀት ድምፅ በሁለቱም ጎን ይሰማል፣ ነጎድጓድ ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ ስለዚህ የሆድ ቁርጠት ለእሱ እንደኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሴትዮዋ ስቴቶስኮፑን ተቀብለው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረሳቸውን ልብ በእኛ መሣሪያ አዳመጡ። ለረጅም ጊዜ አልመለሱልኝም።

ዋናው ትምህርት ግን ገመዱ ላይ ነበር። ገመዱን በትንሹ ትስቢያለሽ፣ ባዝራዋ አንድ እርምጃ ስትመጣ ወዲያውኑ ትለቂያለሽ። ያ ነው በቃ። ፈረስ የሚማረው ሲሳብ አይደለም፤ የሚማረው ሲለቀቅ ነው። እግርሽን ጎኗ ላይ ስታስጠጊም፣ ዛቡን ስትይዢም ያው ነው። ትክክለኛውን ነገር ካደረገች በኋላ ጫናውን ካላነሳሽ፣ ምንም ብታደርግ ለውጥ እንደሌለው ትማራለች። ከዚያ ወይ ትደነዝዛለች ወይ ታምፃለች።

እኔ መሳብ እችል ነበር። መልቀቅ ነው ያቃተኝ። ሴትዮዋ «ዘገየሽ፣ ዘገየሽ» ይሉኛል። መጣች እኮ፣ ለምን ትይዣለሽ? እውነቱን ለመናገር፣ ራውንድ ላይ ትክክል ከመለሳችሁ በኋላም ጥያቄው ሳይቆም እየከረረ የሚሄድበትን ጠዋት ታስታውሱ ይሆናል። እኔም በተራዬ ሲኒየር ስሆን ኢንተርኖች ላይ አድርጌዋለሁ። አንዷ ዛሬ እዚህ አለች፤ እራት ላይ አናግራታለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት ኮርቻ ጫንን። የእነሱ ኮርቻ ከባድ ነው፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል፤ ገመድ ለታሰረበት ከብት ጭምር የተሠራ ስለሆነ ነው። ከሆዷ በታች የሚያልፈውን ጠፍር አንዴ ታጠብቂያለሽ፣ ጥቂት ታራምጃታለሽ፣ እንደገና ታጠብቂያለሽ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ሲጠብቅ ሰውነቷን ትወጥራለች። እኔ ይህንን የረሳሁ ቀን ኮርቻው ከነእኔ ወደ ጎን ዞረ። ሁሉም ሰው ባርኔጣ ሲያደርግ እኔ ሄልሜት አደረግሁ። ሳቁብኝ። የጭንቅላት ሲቲ የማነብላቸው እኔ ነኝ፣ ይሳቁ።

አባቴን ያመጣሁት እዚህ ጋ ነው።

አባቴ የአገው ምድር ሰው ነው፣ የእንጅባራ። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ያንን ሜዳ አይረሳውም። አባቴ በወጣትነቱ ከጋላቢዎቹ አንዱ ነበር። በየቅዳሜው እደውልለታለሁ፤ ለእኔ ጠዋት፣ ለእሱ ምሽት። ለዓመታት የምንባባለው ሦስት ነገር ነበር፦ ደህና ነህ? መድኃኒትህን ወሰድክ? ብሩ ደረሰ? ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ተጣልተን አይደለም፤ የምናወራው ስላልነበረን ነው።

አንድ ቅዳሜ «አባዬ፣ ፈረስ መጋለብ እየተማርኩ ነው» አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«በየት በኩል ነው የምትወጪው?» አለኝ።

«በግራ።»

«በግራ? ፈረስ በቀኝ ነው እንጂ የሚወጣው!»

ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። የእኛ የጥንት ፈረሰኛ ጎራዴውን በቀኝ ይታጠቅ ስለነበር በቀኝ ይወጣል፤ ፈረንጅ በግራ ስለሚታጠቅ በግራ። ኮርቻችን ቀላል የእንጨት ነው፤ እርካባችን ደግሞ አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ የብረት ቀለበት። ያን ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይጠይቀኛል፦ ሶምሶማው ላይ ቂጥሽ ተቀመጠ? አንገቷ ላብ አለው ወይ? «ልጓሙን አትጎትቺ፣ የምትይዢው ሥጋ ነው» ይለኛል። ሴትዮዋም ያንኑ ነበር የሚሉኝ፣ በሌላ ቋንቋ።

አንድ ቀን ደግሞ ከመሃል ወሬ «ወንድምሽን በሰባት ዓመቱ ነው ያወጣሁት። አንቺን ለካ አላወጣሁሽም» አለኝ። እኔ ያንን ሁልጊዜ አውቀዋለሁ። አጥር ላይ ተቀምጬ ነበር የማየው። እሱ ግን ያን ቀን ነው ያስተዋለው። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም፣ ስለ ፔኒ ሰኮና ነገር ጀመርኩ መሰለኝ።

መውደቄንም ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ ከብት ስንሰበስብ፣ ከግራጫው ቁጥቋጦ ውስጥ ቆቅ የመሰለ ወፍ ብር ብሎ ተነሳ። ፔኒ ደነገጠች። እኔ ሁለቱንም ዛብ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ፣ በእግሬ ደግሞ ጎኗን ቆነጠጥኩ። እጄ «ቁሚ»፣ እግሬ «ሂጂ» ይላታል። ምን ታድርግ? ሽምጥ ወጣች። ማድረግ የነበረብኝ በአንዱ ዛብ ብቻ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ማጠፍ ነበር፤ ያን ጊዜ የኋላ እግሯ ይሻገርና ጉልበቷ ያልቃል። ይህንን ረጋ ባለ ቀን መቶ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ሲደነግጡ ግን እጅ የሚያውቀው መጨበጥ ብቻ ነው። ግራ ክላቪክሌ ተሰበረ፣ ሄልሜቱ ተሰነጠቀ። ራጁን ያነሳችልኝ የገዛ ባልደረባዬ ናት። አባቴ ሲሰማ «ጎተትሽ አይደል?» ብቻ አለኝ።

ስምንት ሳምንት አልጋለብኩም። አጥንቱ ገጠመ፣ ፍርሃቱ ግን ቀረ። በረቱ ጋ እስክደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ እጅ ነው ሴንትራል ላይን የማስገባው። ተመልሼ የወጣሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። ቅዳሜ ስደውል ለአባቴ የምነግረው እንዳላጣ ብዬ ነው።

በፀደይ ጥጆች ላይ ምልክት የሚደረግበት ቀን አለ፤ ጎረቤት ሁሉ በየተራ እየተሰባሰበ ይረዳዳል። ደቦ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ምግቡም እንደ ደቦ ነው። ፈረሰኞቹ ጥጃውን የኋላ እግሩን በገመድ ይዘው ወደ እሳቱ ይጎትታሉ፣ እግረኞቹ ይተኩሳሉ፣ ይኮላሻሉ። ለእኔ ምን እንደሰጡኝ ገምቱ፦ የክትባት መርፌ። እግዜር ከመርፌ አይለየኝም። ከሰዓት በኋላ ግን ፔኒ ላይ ወጥቼ በር ጠበቅሁ።

የአባቴ ስልክ የመጣው በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ ሌሊት ነው። ደዋዩ ወንድሜ ነበር። ቀብር እኛ አገር አይጠብቅም፤ ትኬት ሳገኝ አፈር ለብሶ ነበር። ለአርባው ደረስኩ። ፈረሱ ከተሸጠ ዓመታት አልፈውታል፤ ከኮርቻው የቀረው አንድ እርካብ ብቻ ነው፣ ያቺ የአውራ ጣት ቀለበት። ወንድሜ «ውሰጃት» አለኝ። አየር ማረፊያ ፈታሹ እያገላበጠ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ማስረዳት ጀምሬ አልቻልኩም፣ አሳለፈኝ።

ስመለስ ለሴትዮዋ በቀኝ መውጣት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁም። «እንግዲያው እንደገና አስተምሪያት፣ በግራ በኩል የለመደችው በቀኝ በኩል አዲስ ሊሆንባት ይችላል» አሉ። እንደ አዲስ ጀመርን። የመጀመሪያው ቅዳሜ በቀኝ ትከሻዋ በኩል ቆሜ ማሸት ብቻ። በሁለተኛው እርካቡ ላይ ክብደቴን አሳርፌ፣ ጸጥ ስትል መውረድ። ስትረጋጋ መውረድ፣ ስትረጋጋ መውረድ፤ አልዘገየሁም።

በሦስተኛው ቅዳሜ በቀኝ ወጣሁ። ፔኒ አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች፣ እግሯን ግን አላነቃነቀችም። ሰዓቴን አየሁ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እንጅባራ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሊመሽ ሲል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።