የጣርማ በር ጉም ከየት ይመጣል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሾፌር ጣርማ በርን ያውቃታል፤ በፀሐይ ሲነዳ ቆይቶ ድንገት የሚታየው የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ይሆናል። የጉሙ ምክንያት የጣርማ በር ገደል ነው። ከምሥራቁ ቆላ የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎትም ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይለወጣል። ከታች ሆኖ ለሚያየው ደመና ነው፤ ውስጡ ለገባ ግን ጉም። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ጉም የሚሉት እይታን ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ሲያወርድ ነው።

የሜዳው ጉም ሌላ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ለቆ ከላዩ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይበተናል።

እይታን የሚጋርደው ግን ውሃ ብቻ አይደለም። ቆላ ላይ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ አለ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኅዳር 12፣ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ሞቃቱ ከላይ ከሆነ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሰፈር ውስጥ ይተኛል። ይህንን ጉም ማለት ጭሱን ማቆላመጥ ነው።

ሾፌሮች፣ ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ጠብታዎቹ ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ ይመልሱታል። አጭሩን አብርታችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ።