«ተፈተሸ»፣ «ተፈትሿል»፣ «ይፈተሻል»፦ የእንግሊዝኛ ግሥ ጊዜያት በመሐንዲስ ጽሑፍ



አንድ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የወር ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ተቀምጧል እንበል። ሊገልጸው የፈለገው ነገር «ቧንቧው በግፊት ይፈተሻል» የሚል ነው። በአማርኛ ያሰበው አንድ ግሥ ሲሆን በእንግሊዝኛ ግን ሦስት መንገድ ይጠብቀዋል። «ዊል ቢ ቴስትድ» ቢል ፍተሻው ገና የሚመጣ ነው፤ «ኢዝ ቢዪንግ ቴስትድ» ቢል አሁን በመካሄድ ላይ ነው፤ «ኢዝ ቴስትድ» ቢል ደግሞ ወይ የተለመደ አሠራር ነው፣ ወይም አንባቢው ፍተሻው እንዳለቀ አድርጎ ይወስደዋል። በዚህ በመጨረሻው ተማምኖ ቦዩ እንዲደፈን የሚፈቅድ ኃላፊ ያልተፈተሸ ቧንቧ ከአፈር በታች ይቀብራል።

ይህ የሚሆነው መሐንዲሱ ሰዋስው ሳይማር ቀርቶ አይደለም። የአሥራ ሁለቱን ጊዜያት ሠንጠረዥ ገና በትምህርት ቤት ሳለ በቃሉ ይዞታል። ሠንጠረዡ ግን የግሡን ቅርጽ አስተማረው እንጂ የትኛውን መቼ እንደሚመርጥ አላስተማረውም። የአማርኛ ግሥ አስቀድሞ የሚለየው ድርጊቱ መፈጸም አለመፈጸሙን ነው፤ ጊዜውን አብዛኛውን ጊዜ «ትናንት»፣ «አሁን»፣ «ነገ» የሚሉት ቃላት ይሸከሙለታል። ከጨዋታ መካከል ተነሥቶ የሚወጣ ሰው «መጣሁ» ሲል በኃላፊ ግሥ ወደፊት እንደሚመለስ መናገሩ ነው፤ የሚሳሳትበትም የለም።

ይኸው ልማድ በግድብ አጠባበቅ መመሪያ ውስጥ ሲገባ ግን ያስቸግራል። «ውሃው ከቀዩ ምልክት በላይ ከወጣ በሩ ይከፈታል» በሚለው ዐረፍተ ነገር «ከወጣ» የኃላፊ ቅርጽ አለው። እንደ ወረደ የሚተረጉም ሰው «ኢፍ ዘ ዋተር ሮዝ» ብሎ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ አንባቢውም ነገሩን እምብዛም የማይጠበቅ ግምት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ነገሩ የወደፊት ነው ብሎ «ኢፍ ዘ ዋተር ዊል ራይዝ» የሚለውም አልዳነም። የሚፈለገው የአሁኑ ጊዜ «ራይዝስ» ነው።

አማርኛ የሚያግዝበትም ቦታ አለ። የቀድሞ የሰዋስው መምህራን «የቅርብ ኃላፊ» ያሉት «ተፈትሿል» ለእንግሊዝኛው «ሃዝ ቢን ቴስትድ» እጅግ ይቀርባል፤ «ተፈትሾ ነበር» የሚለው የሩቅ ኃላፊም ለ«ሃድ ቢን ቴስትድ»። ነገር ግን አማርኛ «ትናንት ተፈትሿል» ማለትን ሲፈቅድ እንግሊዝኛ አይፈቅድም። የታወቀ ያለፈ ቀን ከተጠቀሰ «ዋዝ ቴስትድ» መባል አለበት። የወደፊት ፍጹም ቀጣይ የተባለው ረጅም ጊዜ ለፈተና ወረቀት ቢተው ሪፖርት ጸሐፊውን የሚጎዳው ነገር የለም።

የሙከራ ውጤት ሲጻፍ ጥንቃቄው ይበልጥ ይከብዳል። ኮንክሪት ጭመቃን በደንብ፣ ስበትን ግን በደካማው እንደሚቋቋም የሚገልጸው ዐረፍተ ነገር የአሁን ጊዜ ይገባዋል፤ ሁልጊዜ እውነት ነውና። ሠንጠረዥም «ያሳያል» ይባላል፤ አንባቢው ፊት ተዘርግቷልና። ከአንድ ቀን ሙሌት የተወሰዱ ሦስት ኩቦች በ28ኛው ቀን ያሳዩት ጥንካሬ ግን ያለፈ ድርጊት ነው። ጸሐፊው ይህን በአሁን ጊዜ ሲጽፈው ሦስቱ ኩቦች ስለ ሕንፃው ኮንክሪት በሙሉ የመሰከሩ ይመስላል። አንዲት የግሥ ለውጥ ያልተደረገ ሙከራን እንደ ተደረገ ታስቆጥራለች።

«ሻል» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ሠንጠረዥ የወደፊት ጊዜ ምልክት ነበር። በውል ውስጥ ግን ግዴታ ነው። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዲክ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የውል ሁኔታዎች ቃሉ ግዴታን፣ «ሜይ» ደግሞ ምርጫን እንደሚያመለክት በግልጽ ተተርጉሟል። «ሥራ ተቋራጩ ቧንቧውን ይፈትሻል» የሚለው አማርኛ ልማድንም፣ ተስፋንም፣ ግዴታንም ይዟል፤ በውሉ «ሻል ቴስት» የተባለውን በደብዳቤ «ዊል ቴስት» ብሎ የሚያስተጋባ መሐንዲስ ግዴታውን ወደ ትንበያ ዝቅ ያደርገዋል።

ወደ ወር ሪፖርቱ ስንመለስ፣ መሐንዲሱ እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት የፍተሻውን ቀን ከመዝገቡ ይፈልግ። ቀኑን ካገኘ «ዋዝ ቴስትድ» ብሎ ከነቀኑና ከነግፊቱ መጠን ይጻፈው። ካጣው «ሃዝ ኖት ዬት ቢን ቴስትድ» ይበልና ቦዩ ክፍት ይቆይ።