ካርል፦ የነፃ ሰው ስም፣ የንጉሥ መጠሪያ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ታላቅ ጉባኤ ፊት ስለ አንድ የወንድ ልጅ ስም ብቻ ልናገር መነሣቴ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼን ሳያስገርም አልቀረም። ነገር ግን የባዕድ አገር መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰናከለው በሰው ስም ላይ እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እኔም የተሰናከልሁበትን በመናዘዝ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለተማሪዎች የሚሆን የአውሮፓ ታሪክ ስተረጉም፣ ምንጮቼ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ ስለነበሩ፣ አንዱን ንጉሠ ነገሥት በአንዱ ምዕራፍ «ቻርልስ»፣ በሁለተኛው «ካርል»፣ በሦስተኛው «ካርሎስ» እያልሁ ጻፍሁት። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አንድ ተማሪ ቀርቦ፣ «ከሦስቱ ነገሥታት ዙፋኑን በፈቃዱ የለቀቀው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሰውየው ግን አንድ ነበር፤ በ1500 በጌንት ከተማ ተወልዶ፣ በ1516 የስፔን ንጉሥ ቀዳማዊ ካርሎስ፣ በ1519 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ የተባለው ነው። አንዱን ሰው ሦስት አድርጌ ለልጆች በማስተማሬ አፈርሁ። ስለ ስሙ መመርመር የጀመርሁት ከዚያች ቀን ወዲህ ነው።

ካርል ከጥንታውያን የጀርማን ነገዶች ቋንቋ የተወረሰ ስም ሲሆን፣ ሥሩ «ሰው፣ ወንድ፣ ነፃ ሰው» ማለት ነው። ነፃ ሰው ሲባል መኳንንትን አያመለክትም፤ ባርያም ጌታም ያልሆነውን፣ በገዛ እጁ አርሶ የሚበላውን፣ የእኛ አባቶች ጨዋ ባላገር የሚሉትን ሰው ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግም ከዚሁ ሥር የወጣው ቃል የነፃው ገበሬ መጠሪያ ነበር። ዘመን እየገፋ ሲሄድ ግን ገበሬው ለባለርስት እየተገዛ፣ ቃሉም አብሮት እየወረደ፣ በመጨረሻ «ቸርል» ተብሎ ያልታረመና ሥርዓት የጎደለው ሰው መሰደቢያ ሆነ። ባላገር የሚለው የእኛው ቃል በከተሜው አፍ የደረሰበትን ውርደት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም።

በምሥራቅ አውሮፓ ግን የዚሁ ቃል ዕድል ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ለዚህም ምክንያቱ አንድ ሰው ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ታላቁ ካርል፣ ፈረንሳዮች ሻርለማኝ የሚሉት፣ በ800 በልደት ዕለት በሮም ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 3ኛ እጅ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ተቀበለ፤ በ814 በአኸን ከተማ አረፈ። ጎረቤቶቹ የነበሩት ስላቮች ኃይሉን ከማየታቸው የተነሣ የእርሱን የግል ስም ለማንኛውም ንጉሥ መጠሪያ አደረጉት። ሩሲያውያን «ካሮል»፣ ቼኮች «ክራል»፣ ፖላንዶች «ክሩል» ሲሉ ንጉሥ ማለታቸው ነው፤ የሃንጋሪዎችም «ኪራይ» ከዚሁ የተወሰደ ነው። የሮማዊው ቄሳር ስም «ካይዘር» እና «ዛር» ወደሚሉ ማዕረጎች እንደተለወጠ ሁሉ፣ የነፃው ገበሬ ስም በምሥራቅ የዙፋን ስም ሆነ። ስለዚህ አንዱ ሥር በምዕራብ ስድብ፣ በምሥራቅ ዘውድ ወለደ። ልዩነቱን ያመጣው የቃሉ ትርጉም ሳይሆን የተሸካሚው ሥራና የሰሚው ሁኔታ ነው።

ስሙ የተወደደበትም መንገድ ይህንኑ ያስረዳል። በስዊድን ብዙ ነገሥታት ተጠርተውበታል፤ ከ1973 ጀምሮ በዙፋን ላይ ያሉትም ካርል 16ኛ ጉስታቭ ናቸው። በእንግሊዝ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 አንገቱን ቢቆረጥም ስሙ አልተጣለም፤ በ2022 ሦስተኛው ቻርልስ ነግሠዋል። በጀርመን አገር ካርል በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ እጅግ ከተለመዱት የወንድ ስሞች አንዱ ነበር፤ ቀጥሎም ከሌላ ስም ጋር ተጣምሮ «ካርልሃይንዝ» መባል በረከተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሽማግሌ ስም እየመሰለ ተተወ፤ በዘመናችን ደግሞ ወላጆች የአያቶችን ስም መልሰው ሲሹ ከተነሡት መካከል ይገኛል። የኬምኒትስ ከተማ እንኳ ከ1953 እስከ 1990 ድረስ ካርል ማርክስ ከተማ ተብላ ከተጠራች በኋላ በነዋሪዎቿ ድምፅ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች።

በአገራችንም ይህ ስም ባዕድ ሆኖ አልቀረም። በ1950ዎቹ በፊልም የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በመጫወት የታወቀው ካርልሃይንዝ በም በ1981 «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሥርቶ ሥራውን በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ጀመረ፤ በ2014 አረፈ። ሕዝባችን ረጅሙን ስም አሳጥሮ «ካርል» አለው። በአዲስ አበባ ካርል አደባባይ ሲባል የሚሰማ ሰው ስለ ጀርማን ነገዶች ቃል አያስብም፤ የሚያስበው ሰውየውን ነው። የንጉሥን ልብስ ለብሶ የታወቀው ሰው በእኛ ዘንድ ስም ያገኘው ከገበሬ ጋር በመዋሉ ነውና፣ ስሙ ሳያውቀው ወደ ጥንተ ትርጉሙ የተመለሰ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለሙያችን የሚሆነውን ላጠቃልል። አንደኛ፣ የሰውን ስም በትርጉሙ አንተርጉመው፤ «ነፃ ሰው» ብንል ካርልን አናገኘውም። ሁለተኛ፣ ስሙ በባለቤቱ አገር እንደሚጠራው እንጻፈው፤ ባለቤቱ ብዙ አገር የገዛ እንደሆነ አንዱን መርጠን፣ ሌሎቹን በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጊዜ አስታውቀን፣ በመረጥነው እስከ መጨረሻው እንጽና። ሦስተኛ፣ አንባቢ የለመደውን ያለ በቂ ምክንያት አንለውጥበት።

አባቶቻችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የካርል ታሪክ የሚያሳየን ግን መልአክ ያወጣውን ስም የሚያከብረውም የሚያዋርደውም ሰው መሆኑን ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፣ የሰውን ስም በብዕራችን የምናሻግር ሁሉ አደራ እንዳለብን አንርሳ።