የአሮጌ ቮልስዋገን ዳሽቦርድ እድሳትና የባለሙያው አደራ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ለእድሳት ወደ ጋራዥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ለፍሬኑ ነው። ዳሽቦርዱ ጌጥ መስሎ ስለሚታይ የመጨረሻውን ተራ ይይዛል። ይሁን እንጂ ነጂው በጉዞ ላይ ሳለ ስለ መኪናው ሁኔታ የሚነገረው በዚሁ ገበታ አማካይነት ነው። ገበታው የተሳሳተ ነገር ካሳየ ነጂውም ተሳስቶ ይነዳል። ስለዚህ የዳሽቦርድ እድሳት ከማስዋብ ሥራ ይልቅ የአደራ ሥራ መሆኑን ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው የአዲስ አበባ ሕዝብ «ቮልስ» እያለ የሚጠራው ቮልስዋገን ቢትል ነው። ይህ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ አገር፣ ፑዌብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥቷል። በልደታ ግን ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ጦር ኃይሎች በሚዘልቀው መንገድ ቮልስ ዛሬም ሲያልፍ ይታያል። ልደታ ለሙያው እንግዳ አይደለም፤ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው ተግባረ ዕድ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶና ሮንዴላ የሚሉት ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላትም የመካኒኩ የዕለት ቋንቋ ሆነው ቀርተዋል።

የአሮጌ መኪና ዋጋ በአሁኑ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስመጣት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በመሆኑም በእጅ ያለውን ቮልስ ያበላሸ መካኒክ ለባለቤቱ በቀላሉ የማይተካ ንብረት አበላሸ ማለት ነው።

ወደ ሥራው ሲገባ በመጀመሪያ የመኪናውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ቮልሶች ዳሽቦርዱ ከቦዲው ጋር የተበየደ ላሜራ ስለሆነ በብሎን ተፈትቶ አይወጣም፤ የሚወልቀው በላዩ ላይ የተተከለው ዕቃ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 አጋማሽ ጀምሮ በተሠራው 1303 በተባለው ዓይነት ላይ ግን የፊት መስታወቱ ጐበጥ ያለ፣ ዳሽቦርዱም በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ይህን ሳይለይ በብረት ፈልቅቆ ለማውጣት የሚሞክር ሰው የመኪናውን አካል ያጣምማል።

ቀጥሎ ከኋላ መቀመጫ ሥር የሚገኘው ባትሪ ይፈታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቮልስ የነዳጅ ታንክ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ጥቂት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ሽቦ ተነካክቶ በዚያ ቦታ ብልጭታ ቢፈጠር የሚከተለው አደጋ ለዚህ ጉባኤ ማብራሪያ አያሻውም። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ ከትርፍ ጎማው በሚመጣ አየር የሚገፋ ከሆነም ቱቦው ከመነቀሉ በፊት አየሩ መልቀቅ አለበት፤ አለዚያ ውኃው በሽቦዎቹ ላይ ይረጫል።

ከዚህ በኋላ ማንኛውም ሽቦ ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይታሰርበታል። የሽቦ ቀለም በአቧራና በዕድሜ ብዛት ስለሚደበዝዝ የሚያስተማምነው በተርሚናሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። በጀርመኖች አሠራር 30 በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ 15 በቁልፍ የሚከፈት፣ 31 ከቦዲው ጋር የሚገናኝ፣ 58 ደግሞ የገበታው መብራት መስመር ነው። መኪናው ባለ 6 ወይም ባለ 12 ቮልት መሆኑም ይረጋገጣል፤ ባለ 6 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ላይ ቢገጠም ወዲያው ይቃጠላል።

የፍጥነት መለኪያው የሚፈታው ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በፊት ኮፈን በኩል ያለው መሸፈኛ ተነሥቶ ነው። ገመዱ በእጅ ይፈታል፤ ሁለቱ ብሎኖች ሲወጡም መለኪያው ወደ ነጂው ወገን ይሳባል። ገመዱ የሚሽከረከረው በግራው የፊት ጎማ ስለሆነ ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን አስቀድሞ መመርመር ያለበት የደረቀው ወይም የታጠፈው ገመድ ነው። በመለኪያው ውስጥ ያለው ማግኔት፣ የአሉሚኒየም ጽዋና ቀጭን ስፕሪንግ ዘይትም ሆነ የጣት ግፊት አይወድም። የፊቱ ቁጥሮችም በቤንዚን ከተወለወሉ ይለቃሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1961 አጋማሽ በፊት የተሠራ ቮልስ የነዳጅ ጌጅ አልነበረውም፤ ነጂው ነዳጅ ሲያልቅበት በእግሩ ሥር ያለውን የመጠባበቂያ ቧንቧ ይከፍት ነበር። ይህን ባለማወቅ «ጌጁ ጠፍቷል» ብሎ ላሜራውን መቅደድ ጥፋት ነው። ቀድሞ ለሬዲዮ የተቀደደ ቀዳዳ ካለ ግን ይበየዳል፤ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፤ ስቱኮው ሳይወፍር ይቀባል፤ ፀረ ዝገት ቀለምና የመኪናው የራሱ ቀለም ይከተላሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው የባትሪ መሙያው ማስጠንቀቂያ መብራት ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ሲሆን፣ ዲናሞውንና ማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ነጂው የሚያውቀው ያ መብራት ሲበራ ነው። አምፖሉ የተቃጠለ እንደ ሆነ ግን ምንም ሳያውቅ ሞተሩን አቃጥሎ ይቆማል። ስለዚህ መኪናው ከመመለሱ በፊት ቁልፉ ሲከፈት የዲናሞውና የዘይቱ መብራቶች መብራታቸው፣ ሞተሩ ሲነሣም መጥፋታቸው በባለቤቱ ፊት መታየት ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። መለኪያው በመካኒኩ እጅ ላይ ሳለ ቁጥሩን መቀነስ ቀላል ነው፤ ይህንንም የሚጠይቅ ባለቤት አይጠፋም። «መኪናው የእኔ፣ ገንዘቡም የእኔ» የሚለው ክርክር ለጊዜው ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ያን ቁጥር አምኖ የሚገዛው ሌላ ሰው ነው፤ አምኖበት የሚጠግነውም ሌላ የሙያ ባልደረባ ነው። በአሮጌው ቮልስ ላይ ቆጣሪው አምስት አኃዝ ብቻ ስላለው ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በመሆኑም ያለ ጽሑፍ ማስረጃ ቁጥሩ ብቻውን ሙሉውን ታሪክ አይናገርም። መለኪያው ሲፈታ የነበረው ንባብ፣ ዕለቱና የተተካው ዕቃ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ አንዱ ለባለቤቱ ሊሰጥ፣ አንዱ በጋራዡ ሊቀመጥ ይገባል። ቁጥሩን እንዲቀንስ የተጠየቀ ባለሙያም ሥራውን ቢያጣ እንኳ እምቢ ማለት ይጠበቅበታል።

እንዲህ ያለው መዝገብ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና ጥቂት ደቂቃ ነው። አባላት በየጋራዣቸው ቢጀምሩት፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተሠራውን ማየት የማይችለው ደንበኛ በሙያው ላይ ያለው እምነት የጸና ይሆናል።